ቆሞ የሚተኩስ ሰው

አሁን በምኖርበት በወልድያ ከቤቴ ጀርባ አንድ ዳቦ ቤት አለ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ጄኔሬተሩን ያስነሳና መብራት ሲመጣ ያጠፋዋል። ሲነሳ ግድ የለኝም። ሲጠፋ ግን፣ ሞተሩ አጓርቶ አጓርቶ፣ ሁለቴ ተንገጫግጮ ጸጥ ሲል፣ እጄ ላይ ያለውን ሥራ ትቼ ፉጨት እጠብቃለሁ። የሠላሳ አርባ ጎረምሳ ፉጨት፣ የቆርቆሮ ግድግዳ በቡጢ ሲደበደብ የሚሰማ ኳኳታ፣ ከዚያም «ኧረ አያ በሪሁን! ኧረ በላሊበላ ይዤዎታለሁ!» የሚል ልመና ይከተል ነበርና። በልጅነቴ ሞተር በድንገት ጸጥ አለ ማለት አባቴ ተበሳጨ ማለት ነበር።

አባቴ በሪሁን ከላሊበላ ገበያ በላይ ወፍጮ ቤት ነበረው። ከዚያ በፊት በቀድሞው ሠራዊት ውስጥ ወታደር ሆኖ፣ ሰሜን ካለ አንድ አየር ማረፊያ ሄሊኮፕተር ላይ ጥይት ሲጭን፣ መትረየስ ሲፈታና ሲገጥም ዓመታት አሳልፏል፤ ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ ተጉዞ አገሩ ላስታ ገባና፣ ሞተር የሚያውቅ ሰው ስለነበር ወፍጮ አቆመ። አንዱ ጆሮው በደንብ ስለማይሰማ የሚያወራው ሁሉ በጩኸት ነበር። እናቴ «ቁጣው ይሁን ጨዋታው ይኸው ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ አልለየልኝም» ትል ነበር። እኔ ግን ይለይልኝ ነበር፤ የእውነት ሲበሳጭ ዱቄት የለበሰውን ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ይመታዋል፣ ዱቄቱም ቦን ብሎ ፊቱን ይሸፍነዋል።

የእናቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ካሳው ከወፍጮ ቤቱ ጋር ግድግዳ በሚጋራ ክፍል ውስጥ ቪዲዮ ቤት ከፍቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ እህሉ ተፈጭቶ ሲያልቅ አባቴ ቺንጊያውን፣ ያን ረጅም የሞተር ቀበቶ፣ ከወፍጮው ያወልቅና ዲናሞው ላይ ያጠልቀዋል፤ ከዲናሞው የተነሳው ሽቦ በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ የካሳውን ቴሌቪዥን ያበራ ነበር። የሚስት ወንድም ነውና እምቢ አይባልም። ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ስለማትገባ እኔ የማየው በዚያው በሽቦው ቀዳዳ ነበር፤ ጆንያ ላይ ቆሜ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ። ካሳው እንግሊዝኛ አይችልም፣ ግን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ዱላ ይዞ ይቆምና ያስተረጉማል፤ ፈረንጁ አፉን ባንቀሳቀሰ ቁጥር «ዛሬ እናንተን ካልፈጀሁ የእናቴ ልጅ አይደለሁም አለ!» ይላል፣ ሴትዮዋ ስታለቅስ «ኧረ ሆዴ ተው አለችው» ይላል፣ ሕዝቡም ያምነዋል።

ነገሩ የተጀመረው በክረምት ነው። ዝናቡ በቆርቆሮው ሾልኮ ሽቦውን አርሶት ኖሮ ሥዕሉ ብልጭ ድርግም ሲል፣ አባቴ ሽቦውን ሊያስተካክል ለመጀመሪያ ጊዜ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት ድምፁን እንጂ ምስሉን አይቶ አያውቅም። እኔ በቀዳዳው እያየሁ ነበር። ሽቦውን አጥብቆ ቀና ሲል ቴሌቪዥኑ ላይ አክተሩ፣ ጡንቻው የሚያብረቀርቅ ሰውዬ፣ ስድስት አፈሙዝ ያለው መትረየስ በወገቡ አቅፎ፣ አፈሙዞቹ እንደ ወፍጮ እየተሽከረከሩ፣ ከፊቱ ያለውን ጫካ በሙሉ ያጭደው ነበር። ልጆቹ አግዳሚው ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ። አባቴ ፒንሳውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ምንድነው የያዘው?» አለ።

«መትረየስ ነዋ፣ አያ በሪሁን» አለ ካሳው፣ በኩራት።

«መትረየስ መሆኑንማ አንተ አትነግረኝም! የሄሊኮፕተር ነው እኮ ይሄ! ማን አወረደለት?»

«አክተሩ ነው እኮ፤ ጉልበተኛ ነው።»

«ምን ጉልበተኛ! እኛ ይሄን ለሁለት ነበር የምንሸከመው፣ ያውም ጥይት ሳይኖረው! ማነው የሚያሽከረክርለት? ባትሪው የታለ? እኔ ይቺን ወፍጮ ለማሽከርከር ያን ሁሉ ሞተር አቁሜ፣ እሱ በምኑ ነው የሚያዞረው፣ በእምብርቱ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። መሳቃቸው ባሰበት። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱን መታና፣ ዱቄቱ በቴሌቪዥኑ ብርሃን ውስጥ እየተነነ፣ ጥይቱን ይቆጥር ጀመር። እንዲህ ያለ መሣሪያ ቃታውን ይዘህ አንድ ደቂቃ ብትተኩስ፣ ቀጭኑን ጥይት እንኳ ቢሆን አንድ ኩንታል ገደማ ይበላል፤ ሰውዬው ደግሞ ካሳው እያስተረጎመ ሦስት ደቂቃ ተኩሷል። «ሦስት ኩንታል! ሦስት ኩንታል ጥይት የት አስቀመጠው? ተሸክማው የምትከተለው አህያስ? የታለች አህያዋ? አሳየኝ እስቲ፣ አህያዋን አሳየኝ!» እያለ ወጣ፤ ወፍጮው ጋ ሲደርስም ሞተሩን አጠፋው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «አህያዋ የታለች?» የከተማው ቀልድ ሆነ። ከገነተ ማርያም ድረስ እህል ይዘው የሚመጡ ሰዎች ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ይሉት ነበር። አባቴም አንዴ ነገር ከያዘ የማይለቅ ሰው ነበርና መስከረምና ጥቅምትን እንዲሁ በጠብ አሳለፈው፤ ያ ፊልም ቅዳሜ ቅዳሜ ይታያል፣ አባቴ በግድግዳው በኩል ጆሮውን ጥሎ ይጠብቃል፣ ሰውዬው መትረየሱን ሲያነሳ የሚመጣውን ሙዚቃ በደህናው ጆሮው ለይቶታል፣ ያን ጊዜ ሞተሩን ጸጥ ያደርገዋል። ፉጨት። ቡጢ። ልመና። እናቴ ከቤት እየሮጠች መጥታ «ምነው አንተ ሰውዬ፣ ወንድሜን ከሰው ልታጣላው ነው? ውሸት መሆኑን ማን አጣው?» ትለዋለች።

«ፈንታው አጥቶታል!» ይላት ነበር።

ፈንታው ታላቅ ወንድሜ ነው። ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ከመሪጌታው ዘንድ ዜማ ይማራል፣ ቁመቱ ከበሩ መቃን ጋር ይተካከላል፣ ያን ፊልም ደግሞ ስንት ጊዜ እንዳየው እግዜር ይወቅ። በሰሜኑ ድንበር ላይ ጦርነት ከተነሳ ወራት አልፈውት ነበር። ቀበሌው ዘማች ይመዘግባል፣ ከኮንም ከወገል ጤናም በአይሱዙ የተጫኑ ወጣቶች እየዘፈኑ ያልፋሉ ይባላል። ፈንታው «ከፋሲካ በኋላ እመዘገባለሁ» ብሎ ለእናቴ ነግሯት፣ እሷም አልቅሳ ለአባቴ ነግራው ነበር። አባቴ አትሂድ አላለውም። እሱም በዕድሜው ማንንም ሳያስፈቅድ ሄዶ ነበርና አፍ አልነበረውም። ያለው ሌላ ነው፤ «ሂድ፣ ግን ያን ሰውዬ አምነህ አትሂድ» ነበር ያለው።

ገና ሲደርስ ነገሩ ከቪዲዮ ቤት ወጥቶ ማዕዳችን ላይ መጣ። በላሊበላ የገና ዕለት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲሉ፣ ፈንታውም ትልቁን ከበሮ በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ ወገቡ ላይ አሳርፎ፣ እየተወዛወዘ ሲመታ ነበር የዋለው። እኔ ከታች ሆኜ ስመለከተው እኮራበት ነበር። ቤት ገብተን ምሳ ስንበላ፣ ትከሻውን እያሸ አባቴን አየውና፣ ብዙ ጊዜ ሲያስበው የኖረውን ነገር አወጣው።

«አባባ፣ እርስዎ አይቻልም ይላሉ። እኔ ከበሮውን ከሌሊት ጀምሬ ይዤው ዋልኩ። በአንገት ከተንጠለጠለና ወገብ ላይ ካረፈ ክብደቱ ይጠፋል። መትረየሱም ማንገቻ አለው፣ አይቼዋለሁ።»

አባቴ የጎረሰውን እንኳ አላላመጠም። «ከበሮ ባዶ ነው!» አለ።

«ባዶ ቢሆንም...»

«ባዶ ነው! እንጨትና ቆዳ ነው! ውስጡ አየር ነው ያለው! ከበሮ ስትመታው ወደ ኋላ ይገፋሃል? ይግላል? የጋለ ቀልሃ እግርህ ላይ ያዘንባል? ደግሞስ ከበሮ ስትመታ ከወዲያ ማዶ የሚተኩስብህ ሰው አለ? መሪጌታው ናቸው ያሉት!»

እናቴ በበዓል ቀን መሪጌታን እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ ማንሳት ነውር ነው ብላ ተቆጣች፤ እሱም ይቅርታ ብሎ ጠላውን ጠጣ፤ ትንሽ ቆየና ግን እንደገና «ባዶ ነው እኮ!» አለ። ሳምንቱን ሙሉ ሲለው ሰነበተ። እህል ሲሰፍርም «ባዶ ነው» ይላል፣ ቺንጊያ ሲጠግንም «ባዶ ነው» ይላል።

ጥምቀት እንዳለፈ ነገሩን በዓይን ካላሳየሁ አያምንም ብሎ ቆረጠ። አንድ ቅዳሜ ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ሚዛኑን አወጣና የተሰበረ የወፍጮ ዘንግና ሁለት አሮጌ ፑሊ፣ ቺንጊያ የሚዞርበትን ብረት፣ እየጫነ መዘነ፤ «መትረየሱ ይኸው» አለ። ከቆመ አይሱዙ የተዋሰውን ባትሪ አመጣ፤ «የሚያሽከረክረው ይኸው» አለ። ከዚያ ጠጠር የሞላ ግማሽ ኩንታል ጆንያ አስመጣና «ጥይቱ ይኸው፤ የግማሽ ደቂቃ ነው፣ አዝኜልህ ነው» አለ። ዘንጉን በጠፍር አስሮ በፈንታው አንገት ሊያንጠለጥል፣ ባትሪውንና ጆንያውን በጀርባው ሊያሸክመው፣ ከዚያም ሁለት የወፍጮ ቤት ተሸካሚዎች ደረቱን እንዲገፉት ሊያደርግ ነበር ያሰበው፤ የተኩሱ ግፊት እንደዚያ ነውና። ካሳው ቪዲዮውን ዘግቶ ታዳሚውን በሙሉ ይዞ መጣ። ገበያተኛውም ተሰበሰበ።

አባቴ ያን ያህል ብልህ ሰው ሆኖ አንድ ነገር እንዴት እንዳመለጠው እስከዛሬ ይገርመኛል። ያ ሁሉ ሰው የቆመው ወፍጮ ቤት ደጅ ነው። እዚያ ደጅ ላይ ኩንታል መሸከም ማለት ወንድነት ማለት ነው፤ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ማን ስንት ኪሎ አንስቶ ስንት ደረጃ እንደወጣ ስንሰማ ነው ያደግነው። እሱ እንደማይቻል ሊያሳይ ያወጣውን ነገር፣ እነሱ ማን ይችላል ብለው ነበር የሚያዩት።

ፈንታውም ቻለ። ዘንጉ አንገቱን ጎትቶት ደም ሥሩ ተገታተረ፣ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ቆመ። ተሸካሚዎቹ ደረቱን ሲገፉት ከበሮ እንደሚመታ ሰው ጎንበስ ብሎ ተቋቋማቸው። ከዚያም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሦስት እርምጃ ወደፊት ተራመደ። ገበያው በጩኸት ተናጋ። ካሳው ዱላውን እያወዛወዘ «የእናቴ ልጅ አይደለሁም አለ!» ይላል፤ ጎረምሶቹ ይፎክራሉ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ዘወር ብዬ ሳይ እናቴም እልል እያለች ነው።

«አንቺም?» አላት አባቴ። ድምፁ አልወጣም፤ ያኔ ነው ሲያንሾካሹክ የሰማሁት፣ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም።

ከዚያ ግን ድምፁ ተመለሰ። «ቆመ እኮ አይደለም ነገሩ!» እያለ በሕዝቡ መሐል ይዞር ጀመር። «መቆሙ ነው ጥፋቱ! ሦስት እርምጃ ሄደ ትላላችሁ፤ ሦስት እርምጃ ቆሞ የሄደ ሰው የት ነው የሚደርሰው? ከማዶ ያለው ሰውዬ ዓይን የለውም? ያን ሁሉ ጭነት ይዞ ሲተኮስበት እንዴት ብሎ ነው የሚተኛው?» የሚሰማው አልነበረም። ፈንታውን በትከሻቸው አንስተው ወደ ገበያው መሐል ይዘውት ሄደው ነበር። አባቴ ብቻውን ቀርቶ ጠጠሩን ከጆንያው ሲደፋ አየሁት፤ ልረዳው ብጠጋ «ሂጂ ወዲያ» አለኝ፤ ቆቡን እንኳ አላወለቀም።

ዐቢይ ጾም ከገባ ጀምሮ የቤታችን ሰላም ጠፋ። አባቴ ክርክሩን ትቶ ሌላ መላ አምጥቶ ነበር፤ በማናቸውም ሰዓት፣ በማናቸውም ቦታ «ተኛ!» ብሎ ይጮሃል። ሐሳቡ ፈንታው ያን ድምፅ ሲሰማ ሳያስብ መሬት ላይ እንዲወድቅ ማስለመድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ውኃ ቀድተን ስንገባ፣ ሹሮ ሊቀርብ ሲል፣ «ተኛ!»። የምወድቀው እኔ ነበርኩ። እንስራ ይዤ ወድቄ አንድ እንስራ ሰብሬአለሁ። እናቴም ሁለቴ ወድቃለች፤ ተነስታ አቧራዋን እያራገፈች የረገመችውን እርግማን እዚህ አልጽፈውም። እህል ሊያስፈጩ የመጡ አንድ ሽማግሌም ከነጆንያቸው ተኝተው፣ ሲነሱ «ልጄ፣ ምን መጣ?» ብለውታል። ፈንታው ግን አንድ ቀን እንኳ አልተኛም። እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ፈገግ ብሎ፣ «አባባ፣ ሰው ያየናል» ይል ነበር።

እሱ ፈገግ ባለ ቁጥር አባቴ ይከሳ ነበር። ያኔ አልገባኝም። አንድ ቀን ከወፍጮው ኋላ ሆኖ ጣቱን እየቆጠረ ብቻውን ሲያወራ ሰማሁት፤ «አርባ ቀን ቀረው፤ በአርባ ቀን አህያ እንኳ ይማራል።»

ፋሲካ አለፈ። ዘማቾቹን የሚወስደው አይሱዙ በጠዋት ከገበያው ራስ ቆመ፤ ጋሸና አድርሶ እዚያ ለሌላ መኪና ያስረክባቸዋል። እኔ የፈንታውን ስንቅ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ በነጠላ ቋጥሬ ይዣለሁ። እናቴ አንገቱን አቅፋ አለቅም ብላለች። አባቴ ከመኪናው ጎን ቆሞ ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ «ይቺ ጎማ አልቃለች፣ ቁልቁለቱ ላይ ምን ሊያደርጓት ነው» እያለ ሾፌሩን ይጨቀጭቃል። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ ነው ወደ ፈንታው ዞሮ ክንዱን የያዘው።

«ስማኝ» አለ። «ሠራዊቱ ተበትኖ ስመጣ በአንድ ተረተር አለፍኩ። ከሁለት ቀን በፊት ያ ሄሊኮፕተር፣ እኔ በእጄ የጫንኩለትን ይዞ የሄደበት ተረተር ነው። ቆመው የነበሩት እዚያው ነበሩ። አልነግርህም፣ ብቻ እዚያው ነበሩ። ከድንጋዩ ሥር ተኝተው የነበሩት ግን የሉም። ሣሩ ተደፍጥጦ የሰው ቅርጽ ይዟል፣ ክርኑ፣ ጉልበቱ ሳይቀር ይታያል፤ ሰዎቹ ግን ተነስተው ሄደዋል። ገባህ? ያ የምታየው ሰውዬ በእጁ የያዘው ዓይነት መትረየስ፣ በሄሊኮፕተር ሆኖ እንኳ የተኛ ሰው አላገኘም! ስንቱን ባዶ ቦታ ቆጠርኩ መሰለህ። ጠላቶቼ ነበሩ፤ ግን ደስ አለኝ።»

«እሺ አባባ» አለ ፈንታው፣ ዓይኑ ከጓደኞቹ ላይ ነው፤ እነሱ ከመኪናው ላይ ሆነው ይጠሩታል።

«እሺ አትበለኝ! ተኝቼ እመለሳለሁ በለኝ!»

«እሺ አባባ፤ መኪናው ሊሄድ ነው እኮ።»

ሄደ። ቆሞ፣ የመኪናውን ብረት ይዞ፣ ከሁሉም በላይ ራሱ እየታየ ሄደ። አባቴ መኪናው ከእይታ እስኪሰወር ቆየና «አየሽው? ሌሎቹ ቁጭ ብለዋል፣ እሱ ቆሟል!» አለኝ፤ እኔ ምን ላድርግ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ስንቁን ሳልሰጠው ቀርቼ እሪ ብዬ እያለቀስኩ ነበር።

ሁለት ክረምት አለፈ። ከፈንታው ሦስት ደብዳቤ መጣ፣ ሦስቱም «ከእናንተ ናፍቆት በቀር እኔ ደህና ነኝ» ይላሉ። አባቴ እኔን ደጋግሞ ያስነብበኝና ይበሳጫል፤ «ደህና ነኝ ይላል! እንዴት ሆኖ ነው ደህና የሆነው? ቆሞ ነው ተኝቶ?» ደብዳቤ ሲዘገይ ደግሞ ሬዲዮ ላይ ተደፍቶ ይውላል፤ ደህናው ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ስለሚለጥፍ እኛ ብንጠራው አይሰማም። በዚያ መሐል ካሳው የራሱን ጄኔሬተር ገዛ። ከእንግዲህ አባቴ የሚያጠፋው ነገር አልነበረውም፤ ያ ፊልም ከሙዚቃው ጋር፣ ሦስት ኩንታል ጥይት እየተኮሰ፣ ማንም ሳያቋርጠው ይጨረስ ጀመር።

ፈንታው የመጣው በሁለተኛው ዓመት፣ መስቀል እንዳለፈ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከአይሱዙ ሲወርድ ያየው ጎረምሳ ወደ ቤት ሳያደርሰው እየጮኸ ጎትቶ ቪዲዮ ቤት አስገባው። እኛ የሰማነው ከወፍጮው ሆነን በሽቦው ቀዳዳ ነው። አባቴ ሊሮጥ ብድግ ካለ በኋላ፣ የልጁን ድምፅ ሲሰማ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። እኔ በቀዳዳው አየሁት፤ ጠቁሯል፣ ከስቷል፣ እጅጌው እስከ አንጓው ተቆልፏል። ካሳው ፊልሙን አቁሞ አግዳሚ ላይ አወጣው።

«በል ንገረን! እንደዚህ ቆመህ ነው አይደል የለቀቅህባቸው?» አለው፣ ዱላውን በወገቡ እንደ መትረየስ ይዞ።

ፈንታው ልጆቹን አየ። አንዱ አፉን ከፍቶ ያየዋል። ፈንታው እጅጌውን ወደ ታች ሳብ አድርጎ «አዎ» አለ። «ቆሜ ነው።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አባቴ ከተቀመጠበት ተነስቶ ግድግዳውን በሁለት እጁ ደበደበው። «ውሸት ነው! ውሸታም! ቆሞ ቢሆን ኖሮ አይመጣም ነበር!» እያለ ጮኸ፤ ያ ሁሉ ጭብጨባ ግን ድምፁን ዋጠው። ወደ ቤትም ሲሄድ ልጁን ሰላም አላለውም፤ ሁለት ዓመት ሲጠብቀው ለኖረው ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ጓዳ ገባ፤ እናቴ አንዴ ልጇን እያገላበጠች ትስማለች፣ አንዴ ወደ ጓዳው እየዞረች «የዚህን ሰው ጭንቅላት የፈጠረ ጌታ!» ትላለች።

ውኃ ተሞቀ። ፈንታው በጓሮ በኩል ሸሚዙን አውልቆ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ በጣሳ አፈስለታለሁ። ክርኖቹን ሳይ ማፍሰሴን ተውኩ። የሁለቱም ክርን ቆዳ ወፍሮ፣ ጠቁሮ፣ ተሰነጣጥቆ፣ የእረኛ ተረከዝ መስሏል። ከክርኑ ጀምሮ እስከ አንጓው ድረስ የክንዱ ሥር በሙሉ ጠባሳ በጠባሳ ላይ ነው። ሱሪውን ሲጠቀልል ጉልበቶቹም እንዲያው ናቸው። «ቆስለህ ነው?» አልኩት። «ምን ቁስል! ጠጠር ነው» አለኝ።

አባቴ ሊጮህበት ነበር የወጣው፤ አፉ ተከፍቷል፣ ጣቱም ተቀስሯል። ክርኑን ሲያይ ጣቱ እንደተቀሰረ ቀረ። ተንበርክኮ የልጁን ክንድ ያዘና፣ ሙሉ ቀን ዱቄት ሲፈትን በሚውል አውራ ጣቱ ያን ደረቅ ቆዳ ይዳስስ ጀመር። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ሄደ።

«ተኝተሃል» አለ።

«ተኝቼ ነው የከረምኩት፣ አባባ» አለ ፈንታው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቀና ያልኩበት ቀን የለም። ውኃ ስጠጣም ተኝቼ ነው። ለመትረየስ ጥይት ተሸካሚ አደረጉኝ፤ ሳጥኑን ከኋላዬ እየጎተትኩ በሆዴ ነው የሄድኩት። መትረየሱን ሦስት ሆነን ነበር የምንይዘው፣ እሱም መሬት ላይ ተቀምጦ።» ፊቱ ላይ የወረደውን ውኃ ጠረገና «የመጀመሪያው ቀን ብቻ ቆሜ ነበር። ከጎኔ የነበረው ልጅም ቆሞ ነበር» አለ።

አባቴ ግንባሩን የልጁ ክርን ላይ አድርጎ አለቀሰ። ሲያለቅስም ይጮህ ነበር፤ ጎረቤት ሰው ሞተ ብሎ መጣ። ብዙም አልቆየም ግን፤ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ብድግ አለና፣ «ታዲያ ለእነዚያ ልጆች ምን ብለህ ነው ቆሜ ነው ያልካቸው?» ብሎ እንደገና ተቆጣ።

«ምን ልበላቸው አባባ? በሆዴ ስሳብ ከርሜ መጣሁ ልበላቸው?»

«በላቸዋ! እሱን በል! አሁኑኑ ሂድና ሸሚዝህን አውልቀህ አሳያቸው!»

አልሄደም። ሄዶም አያውቅም። ዛሬ ድረስ በሙቀትም ቢሆን እጅጌው አጭር ልብስ አይለብስም። አባቴም እስኪሞት ድረስ በዚህ ነገር እንደተናደደበት ኖረ፤ ልጁ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ባየ ቁጥር «ውሸታሙ መጣ» ይል ነበር፣ አጠገቡ ቦታ እየለቀቀለት።

እኔ ዛሬ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ባጃጁ ሞልቶ እንኳ ቢሆን ከሾፌሩ ጎን፣ አንድ እግሯን ውጭ አንጠልጥላ፣ እየሳቀች ነው የምትመጣው። እኔም ከበር ቆሜ ስለ ባጃጁ ሚዛን፣ ስለ ጎማው ቅጥነት፣ ሰው ሲበዛበት ኩርባ ላይ እንዴት እንደሚገለበጥ እየዘረዘርኩ እጮህባታለሁ፤ እሷም ዓይኗን ስልኳ ላይ ተክላ «እሺ እማዬ» ትለኛለች። ያኔ በቤታችን ጠቡ ስለ መትረየስ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ያን ሁሉ ዓመት ስለ ኪሎ፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ጥይት ቁጥር ሲጮህ አንድ ቀን እንኳ «እንዳትሞትብኝ» ሲል አልሰማሁትም። ትናንትም ልጄ ስትገባ ልላት የፈለግኩት እሱን ነበር፤ ያልኳት ግን ስለ ጎማው ነው።